ሥራው አለ፤ ገንዘቡስ የት አለ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን መጥረጊያና መወልወያ ነው። ፈገግ ያላችሁ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ሕንጻ በበዛ ቁጥር ጽዳት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። በ2006 ዓ.ል. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው የሰው ቤት ማጽዳትን ሙያ አድርገው የመጡ እህቶች ብዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም የሚመለሰው አልቆመም። ከነዚህ እህቶች አንዳንዶቹ ሦስትም አራትም ሆነው የጽዳት ድርጅት ያቋቁማሉ። ቢሮ፣ ክሊኒክ፣ አፓርታማ ያጸዳሉ። ሥራውን ያውቁታል፤ እጃቸውም ንጹሕ ነው።

ከዚያ ሦስት አራት ወር ይቆዩና ወደ እኛ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። «ሥራ አለን፣ ውል አለን፣ ስናሰላው ትርፍም አለን፤ ደመወዝ መክፈያ ግን አጣን። ምን በደልን?» ይላሉ። አንዳንዷ ዓይን በልቶኝ ነው ትላለች። ዓይን እውነት ነው፤ አንክድም። ይሁንና ወደ ሩቅያ ከመሄዳችን በፊት ቀን መቁጠሪያውን እንይ።

ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አውጡ። አንዲት እህታችን መስከረም 1 ቀን ስድስት ሠራተኞች ይዛ ሥራ ጀመረች እንበል። ሁለት ደንበኞች አሏት። አንዱ የቢሮ ሕንጻ ነው፤ በወር 45,000 ብር ሊከፍል ተዋውሏል። ሁለተኛው ክሊኒክ ሲሆን 25,000 ብር ይከፍላል። ድምሩ 70,000 ብር ነው። ወጪዋን ደግሞ እንይ። ለስድስት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 5,000 ሲሰላ 30,000 ብር። አሠሪ የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ነውና 3,300 ብር። ለሳሙና፣ ለበረኪና፣ ለጓንትና ለቆሻሻ ፌስታል 8,000 ብር። ለትራንስፖርት 4,000 ብር። ጠቅላላ 45,300 ብር ይሆናል። ከ70,000 ሲቀነስ 24,700 ብር ይተርፋል። ግብሩን፣ የማሽን መግዣውንና የራሷን ድካም ለጊዜው እንተወው። ማንም ሰው ይህን ሒሳብ ቢያይ «ማሻ አላህ፣ ያዋጣል» ይላል።

አሁን ያንኑ ሒሳብ በቀን እንየው። የመስከረም ሥራ ክፍያ የሚጠየቀው ወሩ ሲያልቅ ነው። ክሊኒኩ ጥሩ ከፋይ ነው፤ በሚቀጥለው ወር በ10ኛው ቀን ይከፍላል። ሕንጻው በውሉ ላይ «ጥያቄው በደረሰ በ30 ቀን» ብሏል። ፈራሚው መስክ ሄዶ፣ ሒሳብ ሹሟ ፈቃድ ወጥታ እየተባለ ግን የመስከረሙ ገንዘብ የሚደርሰው ኅዳር 15 ነው። ሠራተኞቹ ደግሞ መስከረም 30 ደመወዛቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ መስከረም 30 ላይ እህታችን 45,300 ብር ከኪሷ አውጥታለች። ጥቅምት 10 ከክሊኒኩ 25,000 ገባላት፤ ጉድለቱ 20,300 ሆነ። ጥቅምት 30 ሌላ 45,300 ከፈለች። የዚያን ዕለት ጉድለቷ 65,600 ብር ነው! በወረቀት ላይ በሁለት ወር 49,400 ብር አትርፋለች፤ በእጇ ግን ያ ሁሉ ብር ጎድሏል። ኅዳር 10 ክሊኒኩ፣ ኅዳር 15 ሕንጻው ሲከፍሉ 4,400 ብር በእጇ ይተርፍና «ተነፈስኩ» ትላለች። ኅዳር 30 ደመወዝ ይመጣል፤ እንደገና 40,900 ጉድለት።

እንግዲህ ይህች እህት ምንም አልበደለችም። ሥራዋም አልከሰረም። የጎደላት መንቀሳቀሻ ገንዘብ ነው። ነጋዴዎቻችን «ገንዘቡ ሜዳ ላይ ነው» የሚሉት ይህንን ነው። መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ዕቃው ካልተሸጠ ቢያንስ መደርደሪያው ላይ ያየዋል። የጽዳት ሥራ ግን አንዴ ከተሠራ ተመልሶ አይወሰድም። የተወለወለው ወለል ተረግጧል፤ የታጠበው መስኮት አቧራ ለብሷል። በእጃችሁ የሚቀረው የደንበኛው ዕዳ ብቻ ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ታዲያ ያንን 65,600 ብር ማን ይሸፍነዋል? ወረት ያለው ሰው ከወረቱ ይሸፍናል። ወረት የሌለው ግን ሳያስበው ከሠራተኞቹ ይበደራል። «እስከ 15 ታገሱኝ፣ ሕንጻው አልከፈለኝም» ይላል። ያቺ ወለል የምትወለውል እናት የቤት ኪራይ አለባት፣ የልጅ ደብተር አለባት። ሳትጠየቅ ለባለ ሕንጻው አበዳሪ ሆነች ማለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ክፍያው እንዲሰጠው ያዘዙበት፣ ኢብኑ ማጃህ የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐዲሱ «ደንበኛህ ከከፈለህ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለውም። የሠራተኛዋ ውል ከእናንተ ጋር ነው፤ ከሕንጻው ጋር አይደለም። ስለዚህ የጽዳት ድርጅት ለመክፈት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መጥረጊያ ስንት ነው?» ሳይሆን «ደንበኛው እስኪከፍለኝ ድረስ ስንት ደመወዝ ከራሴ መክፈል እችላለሁ?» የሚለውን ነው። ለሁለት ወር ደመወዝ የሚበቃ ገንዘብ ሳይያዝ እንዲህ ያለውን ውል መፈረም፣ በእኔ እይታ፣ በሰው ገንዘብ መነገድ ነው።

አሁን ወደ አጠያየቁ እንምጣ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሚናገር ታውቃላችሁ። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ሲሆን የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜ ገደቡ እንዲጻፍ፣ በመጻፍም እንዳንሰለች፣ ምስክርም እንዲኖር አላህ (ሱ.ወ.) አዞናል። እጅ በእጅ የሆነው ንግድ ባይጻፍ ግን ኃጢአት እንደሌለበት እዚያው ተገልጿል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የወር የጽዳት ሥራን እንደ እጅ በእጅ ንግድ እናየዋለን። ሠርተን ወር ቆይተን የምንቀበለው ከሆነ ግን ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ ይጻፋል።

የሚጻፈውም በወግ ነው። የክፍያ መጠየቂያው ላይ የውሉ ቁጥር፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን የተሠራ እንደሆነ፣ የገንዘቡ መጠን፣ ቫት ካለ ለብቻው፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁና «እስከዚህ ቀን ይከፈል» የሚል ቀን ይኑርበት። «በቅርቡ» የሚባል ቀን በካላንደር ላይ የለም። ከዚያ ጋር በየቀኑ ሥራው መሠራቱን የሕንጻው ኃላፊ የፈረመበት ቅጽ ይያያዝ። ይህ ቅጽ ከሌለ በወሩ መጨረሻ «ሦስተኛ ፎቅ ረቡዕ አልጸዳም ነበር» ይባላል፤ በዚያች አንዲት ረቡዕ ሰበብ የወሩ ክፍያ በሙሉ ይታገዳል።

ወረቀቱን ለማን እንደምትሰጡ እወቁ። በብዙ መሥሪያ ቤት ሥራችሁን የሚያየው ጠቅላላ አገልግሎት ነው፤ የሚከፍለው ሒሳብ ክፍል ነው። ወረቀቱ በሁለቱ መካከል አንድ መሳቢያ ውስጥ ሊከርም ይችላል። ስለዚህ በሁለት ቅጂ አዘጋጁና መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ። ቀንና ቁጥር ተጽፎበት ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። ከዚያ የመክፈያው ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው በትሕትና ደውሉና «ፊርማው አልቋል ወይ? የጎደለ ወረቀት አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚደወል ስልክ ወቀሳ ይመስላል፤ ቀድሞ የሚደወለው ግን እገዛ ነው። መጠየቂያውን ደግሞ ወሩ ባለቀበት ዕለት አስገቡ። «ሥራ በዝቶብኝ አልጻፍኩም» እያሉ ዐሥር ቀን የሚያዘገዩ አሉ። ራሳቸው ዐሥር ቀን ዘግይተው ደንበኛው ዘገየ ይላሉ።

እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ ካላነሳን ንግግራችን ጎደሎ ይሆናል። እህቶቻችን ሲጠይቁ ያፍራሉ። በተለይ ባለ ሕንጻው ዘመድ፣ የአገር ልጅ ወይም የአንድ መስጂድ ጀመዐ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። «ሐጂን ገንዘቤን ስጡኝ ብዬ ልጠይቅ? ምን ይሉኛል!» ትላለች። ሐጂም ሲያገኟት «አብሽሪ፣ አላህ ያግራልሽ፣ የእኛና የአንቺ ምን አለው» ብለው ያልፋሉ። ዱዓው ጥሩ ነው፤ ኪራይ ግን አይከፍልም። ውድ እህቴ፣ ሐቅን መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐቁ የአንቺ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልትተይውም በቻልሽ ነበር። በውስጡ የስድስት ሰው ደመወዝ አለበት። አንቺ የእነሱ ወኪል ነሽ፤ ወኪል ደግሞ በሰው ሐቅ አያፍርም። ከፍቅር በፊት ውል ይቅደም። ከዘመድ ጋር ሲሆን ውሉ ይበልጥ ይጥበቅ፤ ዝምድናውን የሚያቆየው እሱ ነው።

ባለ ሕንጻዎችም ታዳምጡናላችሁና ለእናንተም አንድ ቃል አለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መክፈል እየቻለ የሚያጓትትን ሰው ድርጊት ግፍ ብለውታል። ንጽሕና ከእምነት ነው እያልን በየሚንበሩ እንናገራለን፤ የሚያጸዳልንን ሰው ወረቀት ግን ከመብራቱ፣ ከጥበቃውና ከኪራዩ ሁሉ ሥር እናስቀምጠዋለን። የመብራት ክፍያ ካለፈ ይቆረጣል ብለን እንፈራለን። የጽዳት ሠራተኛዋ ዝም ስለምትል የምትከፈለው መጨረሻ ላይ ነው። ለእናንተ 45,000 ብር የአንድ ሳምንት መዘግየት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ግን ስድስት ምድጃ ያጠፋል።

በእውነት የቸገረው ደንበኛስ? አለ። ክሊኒኩ ታካሚ አጣ፣ ሱቁ ተቃጠለ፣ ባለቤቱ ታመመ። ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪገራለት ድረስ መታገስ እንደሚገባ፣ ቢተውለትም የተሻለ መሆኑን ቁርኣን አስተምሮናል። ይህ ትልቅ በር ነው፤ አንዘጋውም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የምትታገሱለት ከራሳችሁ ድርሻ ነው። የሠራተኞቹን ደመወዝ ከሌላ ከፍላችሁ ትርፋችሁን ብትተዉለት ሰደቃ ነው። ደመወዛቸውን አስቀርታችሁ ብትታገሱለት ግን የሰጣችሁት የሰው ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲገጥም ጊዜ ሰጥታችሁ ዕዳውን አስፈርሙ። አዲስ ሥራ ግን ቆሞ ይቆይ፤ ዕዳው በየወሩ እየጨመረ እንዲሄድ መፍቀድ ለእሱም አይጠቅመውም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀን ሌላው ነገር ቅጣት ነው። «ከዘገየ በየወሩ ይህን ያህል በመቶ ይጨምራል ብለን ውሉ ላይ ብናስገባስ?» ይሉናል። ዕዳው ከጸና በኋላ ለጊዜው ብላችሁ የምትጨምሩት ገንዘብ ሪባ ነው፤ በዚህ ላይ መለሳለስ የለም። መቀመጫው ባሕሬን የሆነው የኢስላማዊ ፋይናንስ ደረጃ አውጪ ድርጅት አዮፊ፣ ያጓተተው ባለዕዳ ለበጎ አድራጎት እንዲከፍል ቀድሞ ቃል መግባቱን ፈቅዷል። ከዚያ ገንዘብ ግን አበዳሪው ምንም አይነካም። ይህ ደንበኛውን ሊያስፈራ ይችላል፤ ደመወዛችሁን ግን አይከፍልም። የሚሻለው ሌላ መንገድ ነው።

የሚሻለው ቅድሚያ ክፍያ ነው። በሸሪዓ የአገልግሎት ዋጋ በቅድሚያ፣ በመጨረሻ ወይም ተከፋፍሎ እንዲከፈል መስማማት ይቻላል። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሕንጻው ያንኑ 45,000 ብር ይክፈል፣ አንድ ብር አይጨምር። ግማሹን፣ ማለትም 22,500ውን፣ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ቢሰጥስ? መስከረም 30 ላይ የእህታችን ጉድለት 22,800 ይሆናል። ጥቅምት 1 የሚቀጥለው 22,500 ሲገባ ወደ 300 ብር ይወርዳል። ጥቅምት 30 ላይ 65,600 የነበረው ጉድለት አሁን 20,600 ብቻ ነው። ዋጋው አልተነካም፤ የተለወጠው ቀን ነው። ስለዚህ ስትደራደሩ 1,000 ብር ዋጋ ለማስጨመር ከምትሟገቱ ለቀኑ ተሟገቱ። ደንበኛው «ቅድሚያ አንከፍልም፣ ደንባችን አይፈቅድም» ካለ፣ ገና ከመፈራረማችሁ በፊት ሁለት ዋጋ አቅርቡለት፤ ቶሎ ለሚከፍል ይህን ያህል፣ በ45 ቀን ለሚከፍል ይህን ያህል በሉት። ከመለያየታችሁ በፊት በአንዱ ላይ ብቻ ከተስማማችሁ አብዛኞቹ ዑለማኦች ይህን ይፈቅዱታል። በኋላ መለወጥ ግን የለም።

እጅ በእጅ የሚከፈሉ ሥራዎችንም አትናቁ። የሶፋና የምንጣፍ እጥበት፣ ግንባታው ያለቀ ቤት ጽዳት፣ የኪራይ ቤት ሲለቀቅ የሚደረግ ጽዳት፤ እነዚህ በዕለቱ ይከፈላሉ፤ ግማሹንም በቅድሚያ መቀበል የተለመደ ነው። ከዒድ በፊት ባሉት ሳምንታት ምንጣፍ የማያሳጥብ ቤት ጥቂት ነው። የወር ውል ስም ያስጠራል፤ በወሩ መሐል በረኪና የሚገዛው ግን የሶፋው ገንዘብ ነው።

በካዝናችሁ ውስጥ የእናንተ ያልሆነ ገንዘብ እንዳለም እወቁ። የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ በ70,000 ብር ላይ 15 በመቶ፣ 10,500 ብር ጨምራችሁ ትሰበስባላችሁ። 80,500 ብር ሲገባ ሀብታም የሆኑ የሚመስላቸው አሉ። ያ 10,500 ብር አማና ነው። ከሠራተኞቹ ደመወዝ የምትቀንሱት 7 በመቶ የጡረታ መዋጮና የደመወዝ ግብሩም እንዲሁ አማና ነው። ለእነዚህ ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈቱና ገንዘቡ በገባበት ዕለት ለዩት። የቫት ደረሰኝ አንዴ ከተቆረጠ ደንበኛው ባይከፍልም ግብሩ ይጠየቃልና፣ መቼ እንደሚቆረጥ ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ተማከሩ። ደንበኛው ዊዝሆልዲንግ ብሎ ከክፍያችሁ ላይ ከቀነሰ ደግሞ ደረሰኙን ሳትቀበሉ አትውጡ። በዓመቱ መጨረሻ ከግብራችሁ የሚቀነስላችሁ በእሱ ነው፤ ወረቀቱ ከጠፋ ሁለት ጊዜ እንደከፈላችሁ ቁጠሩት። የቤት ገንዘብም ከድርጅቱ ይለይ። ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡና በወር አንዴ ውሰዱ። ከመቀነት ወደ ካዝና፣ ከካዝና ወደ መቀነት የሚመላለስ ብር የት እንደገባ አይታወቅም።

ጉድለቱ በምን ይሸፈን ለሚለው፣ ወለድ ውስጥ ሳይገቡ መንገድ አለ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ል. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል፤ በሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነጻ መስኮት አለ። ነገር ግን ሙራበሐ ዕቃ የሚገዛበት መንገድ ነው። ባንኩ የወለል ማጠቢያ ማሽኑን ገዝቶ በትርፍ ይሸጥላችኋል፤ ደመወዝ አይከፍልላችሁም። ስለዚህ ማሽኑን በሙራበሐ ግዙና በእጃችሁ ያለውን ጥሬ ብር ለደመወዝ አስቀሩት። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያለውን ብር ማሽን ይገዛበትና ደመወዝ ሲደርስ አበዳሪ ፍለጋ ይዞራል። ዕቁብም ጥሩ ነው። 20 ሰው በሳምንት 2,000 ብር ቢጥል የደረሰው 40,000 ያነሳል፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሻግራል። ግን ከዚያ በኋላ በወር ወደ 8,000 ብር የሚጠጋ መጣል አለ፤ ያንን ከወጪ ዝርዝሩ ውስጥ ሳታስገቡ ዕቁብ አትግቡ።

የዓመቱንም ጠባይ እወቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። መሥሪያ ቤት ደንበኛ ያላችሁ የሰኔን ክፍያ ሒሳብ ሳይዘጋ አሳድዱ፤ ካለፈ አዲሱ በጀት እስኪንቀሳቀስ ትጠብቃላችሁ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይከፈታልና ሠራተኞቻችሁ ቅድሚያ ደመወዝ ይጠይቋችኋል። ከዒድ በፊትም ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ባለፈው ዓመት በዋለበት ወር ብላችሁ አታስቡት።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር ነው። ቀን፣ የሚገባ፣ የሚወጣ፣ የሚቀር ብላችሁ አራት መስመር ክፈሉት። ያለፈውን ብቻ አትጻፉ፤ የሚመጡትን ስምንት ሳምንታትም ጻፉ። በሳምንት አንድ ቀን ከሱብሒ በኋላ ተቀመጡና አስተካክሉት። «የሚቀር» በሚለው መስመር ላይ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጉድለት ካያችሁ ዛሬውኑ ደንበኛውን ማነጋገር፣ ሶፋ ፈልጎ ማጠብ፣ የሳሙና ነጋዴውን ቀን መጠየቅ ትችላላችሁ። ጉድለቱን በደመወዝ ቀን ጠዋት ካያችሁት ግን የሚቀራችሁ ሠራተኞቹን ማየት ብቻ ነው።

አዲስ ውል ሲመጣም ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ደብተር ላይ በእርሳስ አስገቡት። ትልቅ ሕንጻ ነው፣ 15 ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ክፍያው በ60 ቀን ነው ቢሏችሁ፣ 15 ደመወዝ በሦስት ወር አባዙት፤ የሁለተኛው ወር ሥራ አልቆ የሦስተኛው እየተጋመሰ እንኳ ገንዘቡ ላይገባ ይችላልና። ያን ያህል ብር ከሌላችሁ፣ ቅድሚያም ካልሰጧችሁ፣ «ጀዛኩሙላህ ኸይር፣ ለዚህ ዐቅማችን ገና ነው» በሉና በአንድ ፎቅ እንዲያስጀምሯችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ባለ ሕንጻ እሺ ይላል።